ቦንድ፣ የግምጃ ቤት ሰነድ ወይስ የባንክ ደብተር? ለድሬ ቆጣቢ የቀረበ ንጽጽር

ጎረቤቴ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ልብስ ትሸጣለች። ሹፌር መቀያየር ሲሰለቻት ባጃጇን ሸጠች፤ እጇ ላይ 300,000 ብር ቀረ። አንድ ማታ በራችን ላይ ነፋስ እየተቀበልን ሳለ ጠየቀችኝ። «አቦ፣ አንተ ስለ ገንዘብ ታነባለህ። ቦንድ ልግዛበት ወይስ ባንክ ይቀመጥ?» በዕድሜ አሥር ዓመት ታንሰኛለች፤ ድሬ ላይ ግን «አንቱ» ብዙም አይሠራም።

በእቁብ ነው ያስረዳኋት። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው ተበዳሪ ነው። የመጨረሻው ደግሞ ሳያውቀው ለሁሉም አበዳሪ ሆኖ ይከርማል። ቦንድ መግዛት የመጨረሻውን ዕጣ ወዶ እንደ መውሰድ ነው። ልዩነቱ ለመጠበቅህ ወለድ ይከፈልሃል። ስለዚህ የሚጠየቀው ነገር ያው የእቁብ ጥያቄ ነው። ቀድሞ የወሰደው ማነው፣ ይከፍላል ወይ? ስንት ጊዜ እጠብቃለሁ? ሲደርሰኝስ ብሩ ምን ይገዛል?

የባንክ ደብተርና የጊዜ ገደብ ተቀማጭ

የቁጠባ ደብተር ትልቁ ጥቅሙ ብሩን በፈለግሽ ሰዓት ማውጣት መቻልሽ ነው። ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነው። በ300,000 ብር በዓመት 21,000 ብር ይሆናል፤ ከዚያ ላይ ግብር ይቆረጣል። የዋጋ ንረቱ ግን በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ 13 በመቶ አካባቢ ነበር። በዚያ ስሌት ብሩ ባለበት እንዲቆም ብቻ 39,000 ብር መውለድ ነበረበት። ደብተሩ ላይ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ቀፊራ ገበያ ስትወርጂ ግን ዘንቢሉ ይቀልላል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የኢትዮጵያ የገንዘብ ተቀማጭ መድን ፈንድ ባንክ ቢወድቅ የሚሸፍነው ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ነው። 300,000 ብር አንድ ባንክ ውስጥ ከተቀመጠ ሁለት ሦስተኛው ያለ መድን ነው ማለት ነው። ሦስት ባንክ ማከፋፈል አንድ ረፋድ ቢፈጅ ነው።

የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ከደብተር ይሻላል። ለስድስት ወር ወይም ለዓመት ትቆልፊዋለሽ፣ ወለዱም ከፍ ይላል። እዚህ ላይ ዓይን አፋርነት አያዋጣም። ወለዱ በድርድር ነው። ብሩ ሲበዛ ባንኩም ይለሳለሳል። ሁለት ሦስት ባንክ ጠይቀሽ አንዱን ባንዱ ላይ አጫርቺ፤ በልብስ የምታደርጊውን በብርሽም አድርጊው። ቀኑ ሳይደርስ ከወጣ ወለዱ እንደሚቀነስ ወይም እንደሚቀር ግን አስቀድመሽ አንብቢ።

የግምጃ ቤት ሰነድ

እዚህ ተበዳሪው መንግሥት ነው። ሰነዱ የ28፣ የ91፣ የ182 ወይም የ364 ቀን ነው። ብሔራዊ ባንክ በጨረታ ይሸጠዋል። ወለዱ ተለይቶ አይከፈልም፤ በቅናሽ ትገዢና ቀኑ ሲደርስ ሙሉውን ትቀበያለሽ። ለምሳሌ ዓመታዊ ወለዱ 15 በመቶ ቢሆን፣ 100,000 ብር የተጻፈበትን የ91 ቀን ሰነድ ወደ 96,400 ብር ገደማ ትገዢዋለሽ። ከሦስት ወር በኋላ 3,600 ብር ገደማ አተረፍሽ ማለት ነው።

ዋጋው በገበያ መወሰን የጀመረው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ወለዱ እዚህ ግባ የሚባል ስላልነበር ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። አሁንም ዋነኞቹ ገዢዎች ባንኮችና የጡረታ ተቋማት ናቸው። ግለሰብ የሚገባው በባንኩ ወይም ፈቃድ ባለው የኢንቨስትመንት ባንክ በኩል ነው፤ ሲቢኢ ካፒታልና ወጋገን ካፒታል ለምሳሌ ይጠቀሳሉ። ስትጠይቂ ሦስት ነገር አስጽፊ፦ ዝቅተኛው መጠን፣ የአገልግሎት ክፍያው፣ እና ከቀኑ በፊት መሸጥ ብትፈልጊ ማን እንደሚገዛሽ። የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ የጀመረው ገና በጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ ሻጭና ገዢ እንደ አሸዋ ገበያ አይጋፋበትም።

ለነጋዴ ሰው እኔ የምወደው ይሄንን ነው። ምክንያቱም አጭር ነው። ነገ ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ዘመን በየሦስት ወሩ «ልቀጥል ወይስ ላውጣ?» ብሎ የማሰብ መብት በራሱ ዋጋ አለው።

ረጅሙ ቦንድ

ለአብዛኛው ሰው «ቦንድ» ማለት የህዳሴ ግድብ ቦንድ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የወር ደመወዛችንን ሰጥተን ገዛን። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔም ከሰፈር ሰው ጋር ጨፍሬያለሁ፣ አልጸጸትም። እንደ ገንዘብ ብቻ ከታየ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በ2003 ዓ.ም. 1,000 ብር ያዋለ ሰው በዓመት 6 በመቶ ቢታሰብለት በአሥር ዓመት 1,600 ብር ይደርሰዋል። ሲገዛ ዶላር 17 ብር አካባቢ ነበር፤ ስለዚህ የሰጠው ወደ 59 ዶላር ነው። ሲመለስለት ዶላር ከ40 ብር አልፏል። 1,600 ብሩ 40 ዶላር አይሞላም። መንግሥት አንድም ሳንቲም አልከለከለውም። ጊዜው ነው የበላበት።

ሁለተኛው ወጥመድ ቀኑ ሳይደርስ ብሩን ስትፈልጊ ይመጣል። 6 በመቶ የሚከፍል የ100 ብር ቦንድ ያዝሽ እንበል። ገበያው ላይ ወለድ 15 በመቶ ሆነ። አንቺ ጋ ያለውን ማን በ100 ብር ይገዛሻል? አንድ ዓመት ብቻ የቀረው ከሆነ 92 ብር ገደማ ታገኛለሽ። አሥር ዓመት የቀረው ከሆነ 55 ብር ገደማ ነው። ወለድ ሲወጣ ቦንድ ይወርዳል፤ ረጅሙ ደግሞ የባሰ ይወርዳል።

ይሄ የድሃ አገር ነገር እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌደራል ሪዘርቭ፣ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 እስከ ሐምሌ 2023 ወለዱን ከዜሮ አካባቢ ወደ 5.5 በመቶ አወጣው። ሲሊከን ቫሊ ባንክ ብዙ ረጅም ቦንድ ታቅፎ ነበር፤ ከሞላ ጎደል የአሜሪካ መንግሥት ዋስትና ያለበት፣ አስተማማኝ የሚባለው ዓይነት። የቦንዱ ዋጋ ወረደ፣ አስቀማጮች ሰሙ፣ በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ተሯሯጡ። በማግስቱ ባንኩ ተዘጋ። ተበዳሪው ክፍያ አላቋረጠም። ባንኩን የገደለው የጊዜው ርዝመት ነው።

ታዲያ ረጅም ቦንድ ሁልጊዜ መጥፎ ነው? አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የፖሊሲ ወለዱን (የሌላው ወለድ መነሻ እንዲሆን ራሱ የሚያወጣውን) 15 በመቶ አድርጎ ጀምሯል፣ የዋጋ ንረቱንም ከ10 በመቶ በታች ማውረድ እፈልጋለሁ ይላል። ይሄ ከተሳካ ዛሬ በከፍተኛ ወለድ ለአምስት ዓመት የቆለፈ ሰው ነገ ይስቃል። ካልተሳካ የህዳሴው ሒሳብ ይደገማል። እንግዲህ ረጅሙን የሚገዛ ሰው በንረቱ መውረድ እየተወራረደ መሆኑን ይወቅ። እኔ ከእጄ ካለው ከአምስት አንዱን እንጂ ግማሹን አልወራረድበትም።

የዶላር ቦንድ፣ ውጭ ላለው ዘመድ

ከካናዳ የሚደውል የአክስቴ ልጅ አለ፤ እሱ የሚጠይቀኝ ሌላ ነው። «የኢትዮጵያ ዩሮቦንድ በርካሽ ይሸጣል ይባላል» ይለኛል። ዩሮቦንድ የሚለው መንግሥት ውጭ ገበያ ላይ በዶላር የሸጠውን ቦንድ ነው። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. 1 ቢሊዮን ዶላር በ6.625 በመቶ ለአሥር ዓመት ተበደረች። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ዛምቢያና ጋናም ከዚያ ቀደም ብለው ክፍያ አቁመዋል። እንዲህ ያለው ቦንድ ርካሽ የሚሆነው በምክንያት ነው። ጠበቃና ትዕግሥት ላለው ፈንድ እንጂ ለደመወዝተኛ አይሆንም።

የአሜሪካው ቦንድስ? የተበዳሪዎችን ደረጃ የሚያወጣው ሙዲስ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን የብድር ደረጃ ከከፍተኛው እርከን አውርዶታል። ከ2024 መስከረም ወዲህ አጭሩ ወለድ እየወረደ፣ ረጅሙ ግን በዕዳው ብዛት ምክንያት አልወርድም እያለ ነው። ለአክስቴ ልጅ ያልኩት ለጎረቤቴ ካልኩት አይለይም፦ አጭሩን ያዝ።

በነገራችን ላይ የዋሽንግተን ወለድ እኛም በር ድረስ ይመጣል። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ በዶላር ላይ ታስሯል፤ ከ1973 ወዲህ አንድ ዶላር 177.7 ፍራንክ ነው። የዋሽንግተን ወለድ ሲወጣ ዶላር ብዙ ጊዜ ይከብዳል፤ ዶላር ሲከብድ ፍራንክም አብሮ ይከብዳል፤ ከወደብ የሚመጣው ጨርቅም እንዲሁ። ታይዋን ገበያ ያለ ሰው ይሄን ሳያነብ ያውቀዋል።

ወለድ ለማይወስድ

ድሬ ላይ ይሄን ሳይጽፉ ማለፍ አይቻልም። ከላይ ያሉት ሁሉ ወለድ ናቸው፤ ከሪባ (እስልምና ከሚከለክለው ወለድ) ለሚጠነቀቅ ሰው የግምጃ ቤት ሰነድም አይሆንም። እንደ ዘምዘምና ሒጅራ ያሉ ወለድ አልባ ባንኮች፣ የሌሎቹ ባንኮች ወለድ አልባ መስኮቶችም፣ ሙዳረባ የሚባል የትርፍ መጋራት ሒሳብ አላቸው። ትርፉ አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ ባለፉት ዓመታት በተግባር ስንት እንዳከፋፈሉ ጠይቁ።

አክሲዮን ሌላ ዓለም ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮምን አክሲዮን አንዱን በ300 ብር ሒሳብ የገዛ ሰው ባለድርሻ ሆነ እንጂ አላበደረም። ወርቅን ለእናቶቻችን ልተወው፣ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ጎረቤቴ በመጨረሻ እንዲህ አደረገች። 100,000 ብር በጊዜ ገደብ አስቀመጠች፣ ከሁለት ባንክ አጫርታ። 100,000ው ለ91 ቀን ሰነድ ተለየ፤ ባንኩ ቀጠሮ ሰጥቷታል። 50,000ው ለድንገተኛ ነገር ደብተር ላይ ቀረ። በቀረው 50,000 የገበያ እቁብ ገባች፣ «ወሬውም አይቅርብኝ» ብላ። ባለፈው ቅዳሜ ዕጣው ወጣ። ከበሩ ጀምራ እየሳቀች ገባች።

«አቦ፣ የመጨረሻው ደረሰኝ! ያለ ወለድ ቦንድ ገዛሁልህ!»