«አትቸኩሉ» ላሉን የሶላር ባለሙያ ምስጋና

ቤታችን ላይ ሶላር የገጠሙልንን ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግን ነው የመጣሁት። እግረ መንገዴን ልጠቁማችሁም ነው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። «ስልኬን ሜዳ ላይ እንዳትበትኚብኝ» ብለውኛል። የፈለገ በውስጥ መስመር ያናግረኝ፣ እሰጣለሁ። እኛ ቤት ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው።

ምስጋናዬ በዋናነት ስለ ገጠማው አይደለም። ገጠማውም አንደኛ ነው፣ እመጣበታለሁ። ግን ፓኔል የሚገጥም ሰው ሞልቷል። የጠፋው ይገጠም ወይስ ይቅር የሚለውን አብሮ ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ነው።

ከእሳቸው በፊት አንድ ሻጭ መጥቶ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ጣራውን ቀና ብሎ አየና «10 ፓኔል ይይዛል» አለ። ይይዛል፣ አልዋሸም። ያስፈልጋችኋል ወይ ብሎ ግን አልጠየቀም። «መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ይጨልማል፣ እናንተ ብቻ ታበራላችሁ» ብሎ እናቴን አማልሎ ሄደ። ጋሼ እሱ የሰጠንን የዋጋ ዝርዝር ተቀበሉ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ «ባትሪው የታለ?» አሉ።

የለም። ዋጋው አነስ ብሎ እንዲታይ ባትሪ አልገባበትም።

ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ከመብራት መስመሩ ጋር የተገናኘ፣ ባትሪ የሌለው የተለመደ ሶላር መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል። ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና ማለት ነው። ብልሽት አይደለም፣ ሆን ተብሎ ነው እንዲያ የተሠራው። መስመሩ ሲሞት ኢንቨርተሩ (የፓኔሉን ኤሌክትሪክ ቤት ወደሚጠቀምበት ዓይነት የሚቀይረው መሣሪያ) ባያቋርጥ ኖሮ ከእኛ ጣራ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ወደ ውጭ ይሄዳል። ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድለው ይችላል። ሻጩ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ይሁን አውቆ፣ ለእሱ ልተወው።

ጋሼ ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «የምትፈልጉት ቢላችሁ እንዲቀንስ ነው ወይስ ሲጠፋ እንዳትጨልሙ?» እናቴ «ሁለቱንም» አለች። ሳቁ። «ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። ግን ገንዘቡ የሚሄደው በየፊናው ነው» አሉ። ቢል የሚቀንሰው ፓኔሉ ነው። ባትሪ ደግሞ ለጨለማ ቀን የሚገዛ ነው፣ ወጪውን ከቢል እመልሳለሁ ብላችሁ አትግዙት አሉን። መብራት እምብዛም የማይጠፋበት ቤት ትልቅ ባትሪ መግዛት እሳቸው ዘንድ ብክነት ነው።

ቀጥሎ «የ12 ወር ደረሰኝ አምጪ፣ ልጄ» አሉኝ። የአንድ ወር አይበቃም፣ ቤት በብርድ ወራትና በሙቀት ወራት እኩል አይበላም። አማካዩ በቀን 9 ኪሎዋት ሰዓት መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው በፓኔል ያካፍለው ነበር። እሳቸው ግን ቤቱን መዞር ጀመሩ። ሽቦውን ሳይቆርጥ በመንጋጋው ከቦ የሚለካ ሜትር ይዘው አንድ በአንድ ለኩ። የውኃ ማሞቂያው ማንም ሳይታጠብ ቀኑን ሙሉ ሲበራ ሲጠፋ ይውላል። ፍሪጁ ጋ ሲደርሱ ወረቀት ጠየቁኝ። በሩ መሃል አድርገው ዘጉትና ወረቀቱን ጎተት አደረጉት። እንደ ቅቤ ተንሸራቶ ወጣ። «አየሽ፣ ጎማው አልቋል። ፍሪጅሽ ወጥ ቤቱን ነው የሚያቀዘቅዘው» አሉኝ።

የፍሪጁ ጎማ ተቀየረ። ማሞቂያው በሰዓት የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ ተገጠመለት። በሚቀጥለው ቢል አማካዩ ወደ 7 ወርዷል። እስካሁን አንድም ፓኔል አልተሸጠልንም፣ ልብ በሉልኝ።

ሒሳቡን ደረሰኙ ጀርባ ላይ ነው የሠሩልኝ። ወረቀቱ አሁንም አለኝ። አንድ ፓኔል 400 ዋት። እኛ ያለንበት ቦታ ሙሉ ጉልበት ያላት ፀሐይ በቀን በአማካይ ወደ 5 ሰዓት ይያዛል። 2 ኪሎዋት ሰዓት ሆነ። ከዚያ ላይ ሩቡን ለሙቀት፣ ለአቧራ፣ ለሽቦና ለኢንቨርተር ቀነሱ። 1.5 ቀረ። 7ን ለ1.5 ስታካፍሉት 5 ፓኔል ይበቃል። ሻጩ 10 ነበር ያለው። የእናንተ ቦታ ፀሐይ ሌላ ነው፣ ስለዚህ የእኔን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱት። አሠራሩን ውሰዱ።

ጣራው ላይ ሁለቴ ነው የወጡት፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ። ጠመኔ ይዘው። የውኃ ታንከሩ ጥላ ቆርቆሮው ላይ የት የት እንደሚያርፍ ጠርዙን እየተከተሉ አሰመሩበት። ጠዋት ንጹሕ የነበረው ጎን ከሰዓት ግማሹ ጥላ ነው። ፓኔሎች በተርታ ሲያያዙ የአንዱ መጋረድ ሌሎቹንም ይጎትታል። ፓኔሉ ውስጥ ኤሌክትሪኩ የተጋረደውን ክፍል ዘሎ እንዲያልፍ የሚያደርጉ ዳዮድ የሚባሉ ትንንሽ ዕቃዎች አሉ፣ የተጋረደው ክፍል ያጣውን ግን አይመልሱም። ስለዚህ ሁሉንም ከጠመኔው መስመር ውጭ አደረጓቸው። በዚያው የዛጉትን ቆርቆሮዎች አሳዩኝና «መጀመሪያ እነዚህን ቀይሩ» አሉ። ፓኔል ብዙውን ጊዜ የ25 ዓመት የማመንጨት ዋስትና ይዞ ነው የሚመጣው፣ ጣራው ከእሱ ቀድሞ ካረጀ ሁሉንም አውርዶ እንደገና መስቀል ሊመጣ ነው።

ዋስትና ካነሳሁ አይቀር፣ የ25 ዓመቱ ዋስትና ፓኔሉ እስከዚያ ድረስ ከአዲስነቱ ይህን ያህል በመቶ ያመነጫል የሚል ነው። ሳጥኑ ቢሰነጠቅ፣ ውኃ ቢገባው የሚለው ሌላ ዋስትና ነው፣ ብዙ ጊዜም አጠር ያለ። ኢንቨርተሩ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ዓመት ውስጥ መቀየሩ የተለመደ ነው። ወጪው በስንት ዓመት ይመለሳል ብላችሁ ስታሰሉ አንድ ኢንቨርተር ጨምሩበት። ሻጮች ይህችን ሲዘሏት ብዙ አይቻለሁ።

ባትሪውን ትንሽ አደረግነው። ለመብራት፣ ለፍሪጅና ለኢንተርኔት ብቻ። የአሲድ ባትሪ ርካሽ ነው፣ ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት የሚባለው ወረቀት ላይ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፣ በምቾት የምትጠቀሙበት 1.2 ነው። ሊቲየሙ ውድ ነው፣ ከያዘው 80 በመቶና ከዚያ በላይ ይሰጣል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ጋሼ ሁለቱንም አስልተው አስቀመጡልንና «ምረጡ» አሉ። ሊቲየሙን መረጥን።

አሁን ገጠማው። የፓኔሉን እግር ያሰሩት ቆርቆሮው ጉብ ያለበት ላይ በስተው፣ ጎማ ባለው ብሎን ነው። ውኃ የሚወርድበት ቦይ ላይ አንድ ቀዳዳ የለም። ከፓኔሉ በታች አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ፣ ምክንያቱም ፓኔል ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል። ከ25 ዲግሪ በላይ በየዲግሪው ከመቶ 0.3 እስከ 0.4 ያህል።

ያስደነቀኝ ግን ብሬከሩ ነው። ዕቃ ያቀረበው ሱቅ ለፓኔሉ መስመር የዲሲ (የፓኔል ኤሌክትሪክ) መላክ ሲገባው የኤሲ (የቤት ኤሌክትሪክ) ብሬከር ልኮ ነበር። ለዓይን አንድ ናቸው። ጋሼ ጽሑፉን አዩና ወደ ሳጥኑ መለሱት። ሥራው ተጀምሯል፣ መሰላሉ ቆሟል፣ እሳቸው ግን «የዲሲ ካልመጣ አልነካውም» አሉ። በኋላ ሲያስረዱኝ፣ የቤት ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ከሆነ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ይነካል፣ ሲቋረጥ ብልጭታው እዚያ ላይ በቀላሉ ይሞታል። ከፓኔል የሚመጣው ዲሲ ግን ዜሮ አይነካም። ብልጭታው ሳይጠፋ ቆይቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ፓኔል ደግሞ ፀሐይ እስካለች ድረስ ማጥፊያ የለውም። ሥራው በዚያ ምክንያት ተጓተተ። እናቴ ተነጫነጨች፣ እኔ ደግሞ በልቤ እጃቸው ይባረክ አልኩ።

የእኛን ያየች ጎረቤታችንም አስጠራቻቸው። ግቢዋ ውስጥ ትልቅ ዛፍ አለ፣ ጣራዋ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። የምትከፍለው ቢልም ትንሽ ነው። ዞር ዞር ብለው አዩና «እህቴ፣ ለእርስዎ አያዋጣም፣ ይቅርብዎት» አሏት። ዛፉን ልቁረጠው ብትላቸውም እምቢ አሉ። «ዛፉ ቤትዎን እያቀዘቀዘልዎት ነው» አሏት። ሥራ ሊያገኙበት የሚችሉትን ቤት ትተው ሄዱ። የመጡበትን እንኳን አልተቀበሉም። ይህን ጽሑፍ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ እንዲያዩት የፈለግኩት በዋናነት በዚህ ነው።

ጉድለት የላቸውም ወይ? አላቸው። ቀጠሯቸው ሩቅ ነው፣ ረዳት አልያዙም፣ ስለዚህ ወረፋ ትጠብቃላችሁ። «በዚህ ሳምንት ካልተገጠመ» የሚል ሰው ከእሳቸው ጋር አይስማማም። የእጅ ጽሑፋቸው ደግሞ ለራሳቸው እንኳን የሚነበብ አይመስለኝም፣ የዕቃ ዝርዝሩን እያነበቡላችሁ ራሳችሁ ጻፉት።

ጋሼ፣ ይህን እንደማያነቡት አውቃለሁ፣ ልጅዎ ያነብልዎታል። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

የምትፈልጓቸው ሰዎች፣ ከመደወላችሁ በፊት የ12 ወር ደረሰኝ አዘጋጁ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ቤቱ የኪራይ ከሆነም ቀድማችሁ ንገሯቸው። ቀን ላይ ጣራ ላይ ስለሚሆኑ ስልክ አያነሱም። አጭር መልእክት ተዉላቸው፣ ማታ ራሳቸው ይደውላሉ።