ለደሴና ለኮምቦልቻ የሳይት ሰዎች፦ ሴፍቲ ቤልት የሚታሰርበትን ለሚሠራልን ወንድማችን ምስጋና

ሰላም ለናንተ ይሁን፣ የወሎ ግንበኞች፣ ለሳኞች፣ ቀቢዎችና ፎርማኖች። በግንባታ ላይ ባሉ ፎቆች እየዞረ ከከፍታ መውደቅን የሚከላከል ዕቃ የሚገጥምልን ወንድም ደሴ ላይ አለ። እግዜርም አላህም ይስጥልን ልንለው፣ እናንተም እንድትጠሩት ልንጠቁም ነው ይህን የጻፍነው።

ቤልት መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ችግሩ መንጠቆው የሚያዘው በምስማርና በሽቦ በተያያዘ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ መሆኑ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 2 ሜትር ወድቆ በ15 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ድንገት ቢያዝ፣ ገመዱን የሚጎትተው ኃይል ከ11 ኩንታል ክብደት ይበልጣል። ሰውየውም መወጣጫውም አብረው ይመጣሉ። ለዚህ ነው ወንድማችን ሳይት ሲገባ ቤልቱን ከማየቱ በፊት «የምትታሰሩት የት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው። ወገብ ብቻ የሚይዘውን ቀበቶ ደግሞ ጭራሽ አይቀበልም፤ ሲወድቁ ሆድንና አከርካሪን ይጎዳልና። ትከሻና ጭን የሚይዘው፣ የብረት ቀለበቱ ጀርባ ላይ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል የሚውለው ነው የሚፈለገው። የጭኑ ማሰሪያ ውስጥ የተዘረጋ እጅ ይግባ፣ ጭብጥ ግን አይግባ።

ነባሩ ቤልት ላይ በመጀመሪያ የሚጨምረው አብዞርበር ያለውን ገመድ ነው። አብዞርበሩ ሰው ሲወድቅ ስፌቱ እየተተረተረ ጉልበቱን ወደ 6 ኩንታል ገደማ ያወርደዋል። ሲተረተር ግን እስከ 1.75 ሜትር ይረዝማል፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገመዱ 2 ሜትር፣ አብዞርበሩ 1.75፣ ከጀርባ ቀለበት እስከ እግር 1.5፣ መጠባበቂያ 1 ሜትር፤ ድምሩ 6.25 ሜትር። ወለል ለወለል 3 ሜትር በሆነ ሕንፃ ከመታሰሪያው በታች ሁለት ፎቅ እንኳ አይበቃም ማለት ነው። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ራሱን የሚሰበስበውን አጭር ገመድ ከራስ በላይ ይሰቅላል። ገመድ ለማሳጠር ብሎ መቋጠር ክልክል ነው፤ ቋጠሮ የገመዱን አቅም በጣም ይቀንሳል።

መታሰሪያውን ብሎኬት ላይ አይሠራም። የጠነከረ የአርማታ ኮለን ወይም ቢም ይፈልጋል። በኬሚካል የሚያያዝ 16 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከሆነ በትራፓኖ 18 ሚሊ ሜትር ስፋትና 12.5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ ይበሳል፤ አቧራውን ይነፋል፣ በብሩሽ ይፈቀፍቃል፣ እንደገና ይነፋል። አቧራ ከቀረ ኬሚካሉ የሚይዘው አርማታውን ሳይሆን አቧራውን ነው፤ ሲጎተት እንደ ቡሽ ይወጣል። የደሴ የታኅሣሥ ብርድም ኬሚካሉን ያዘገየዋል፣ ኮምቦልቻ ላይ የበቃው ሰዓት ደሴ ላይ አይበቃም። ሲደርቅ በፓራንኮ (በሰንሰለት መጎተቻ) እና በሚዛን 600 ኪሎ ያህል ጎትቶ 15 ሰከንድ ያቆያል። ንቅንቅ ካለ ያንን ትቶ ሌላ ይበሳል።

ቤልታችንን አስረን እንድንንቀሳቀስበት በሁለት ኮለን መካከል የሚወጠረውን የብረት ገመድ በተመለከተ ደግሞ ከእሱ ጋር መከራከር ትርፍ የለውም። እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ ለዓይን ጠንካራ ይመስላል። ሰው ሲወድቅበት 10 ሜትሩ መሐል ላይ የሚረግበው 50 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ 6 ኩንታሉ በየጫፉ ወደ 30 ኩንታል ይሆናል፤ 1 ሜትር ቢረግብ ወደ 15 ይወርዳል። ስለዚህ አላልቶ ያስረዋል፣ የረገበውንም ከ6.25 ሜትሩ ሒሳብ ላይ ይደምራል። በየጫፉ ሦስት ሦስት መቆንጠጫ ያስገባል፦ የመቆንጠጫው ሰፊ ኮርቻ ጭነት በሚሸከመው ገመድ በኩል፣ የዩ ቅርጽ ያለው ቀለበቱ ታጥፎ በሚቀረው ጫፍ በኩል። ብዙ ሳይት ላይ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ፤ ያኔ ቀለበቱ ዋናውን ገመድ ይቆርጠዋል። ዳዶዎቹን ገመዱ ከተጎተተ በኋላ ደግሞ ያጠብቃል።

ያረጀ ቤልት ይዛችሁ «ስፋልን» ብትሉት እሺ አይልም። ልክ ነው። ጨርቁ ፖሊስተር ከሆነ ሲሚንቶ ይበላዋል፣ ፀሐይም ያደርቀዋል፤ የጫማ ሰፊ ክር አያድነውም። ሰው ወድቆበት የያዘ ቤልት ተቆርጦ ይጣላል። ደህናውን ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና አጥቦ ጥላ ላይ ማድረቅ ነው። በቤልቱ ጎንና ጎን ላይ ትንሽ የእግር መርገጫ ማሰሪያም ይጨምርበታል። ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው ደሙ እግሩ ውስጥ ይቀራል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። መሰላልና አውራጅ ሰው ሳይዘጋጅ ሥራ አያስጀምርም።

ወጪው የአሠሪው ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመከላከያ ዕቃ የማቅረብን ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ለኮንትራክተራችሁ ይህን አስታውሱት።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ስትደውሉለት የወለሉን ከፍታ፣ የሰዎቻችሁን ብዛትና እያንዳንዱ ኮለን አርማታ የተሞላበትን ቀን ይዛችሁ ይሁን፤ 28 ቀን ያልሞላው ኮለን ላይ አይበሳም።