አላስካን በመርከብ፦ ከሲያትል ደርሶ መልስ ወይስ ከቫንኩቨር አንድ መንገድ?

ሲያትል ለሚኖር ሰው ደርሶ መልሱ ይቀላል። ሻንጣን ይዞ ወደቡ ድረስ በታክሲ መሄድ ነው፤ የአውሮፕላን ቲኬት ብሎ ነገር የለም። ግን መርከቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው ከቫንኩቨር ደሴት በስተምዕራብ፣ በክፍቱ ውቅያኖስ ላይ ነው። ማዕበሉ ሲነሳ ሆድ ያገላብጣል። ቶሎ የሚያቅለሸልሸው ሰው ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ፣ መርከቡ መሃል አካባቢ ያለ ክፍል ይያዝ።

ከቫንኩቨር ተነስቶ ሲዋርድ ወይም ዊቲየር ወደሚባሉት የአላስካ ወደቦች የሚያደርሰው ግን በደሴቶችና በተራሮች መሃል ስለሚሄድ ውሃው አብዛኛውን መንገድ ረጋ ያለ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ በረንዳ ላለው ክፍል ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ወደ ሰሜን ሲኬድ የብሱ በቀኝ ስለሚሆን የቀኙን ጎን ምረጡ። ከወረዱ በኋላም በባቡር ወደ ዴናሊ ብሔራዊ ፓርክ መቀጠል ይቻላል። ኪስ የሚጎዳው ለወደቦቹ ቅርብ ከሆነችው ትልቅ ከተማ፣ ከአንኮሬጅ፣ መመለሻው በረራ ነው።

ሌላው ግሌሸር ቤይ፣ የበረዶ ግግር የሚታይበት የአላስካ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በቀን ቢበዛ ሁለት ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች ብቻ ስለሚገቡ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ስሙ በጉዞ መርሃ ግብሩ ላይ መኖሩን እዩ። «መጠጥና ዋይፋይ በነጻ» የሚለው ቅናሽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዋጋው ቲኬቱ ውስጥ ተደብቋል። አልኮል ለማይቀምስ ሰው ባዶው ቲኬት ያዋጣል።