ስድስት ቁጥር ሳትቀበሉ ሮታሪ ሞተር ከጋራዥ አታውጡ

ለስድስት ሳምንት ዕረፍት ወደ አገር ቤት ስገባ ከሻንጣዎቼ አንዱ የመኪና ዕቃ ብቻ የያዘ ነበር። ከአገር ስወጣ በታላቅ ወንድሜ ግቢ ሸራ አልብሼ የተውኳት የ1988 ሞዴል ማዝዳ አርኤክስ-7 ቱርቦ አለችኝ። ውጭ በኖርኩባቸው ዓመታት ወንድሜ ሲደውልልኝ አልፎ አልፎ ሞተሯን አስነሥቶ ድምፅዋን በስልክ ያሰማኝ ነበር፤ ያ ድምፅ ናፍቆቴን ከሚቀሰቅሱብኝ ነገሮች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ሐሳቤ በቁጠባ ለድሪፍት፣ ማለትም በጎን እያንሸራተቱ ለመንዳት፣ አሰናድቻት፣ ከወንድሜ ጋር በልምምድ ሜዳ ጥቂት ቀን ነድተናት እንድመለስ ነበር። ከስድስቱ ሳምንታት አራት ተኩሉን ግን አንድ ጋራዥ ወሰደብኝ። ስሙን አልጠቅስም፤ የተደረገውን ግን ሳላሳጥር እጽፋለሁ፤ ሮታሪ ሞተር ያለው ሌላ ሰው እንደ እኔ ገንዘቡንም ጊዜውንም እንዳያጣ እፈልጋለሁና።

የመኪናዋ ሕመም በሮታሪ ዘንድ የታወቀ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በደህና ይነሣል፤ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ግን ሞተሪኖው እስኪደክም ቢዞርም አይነሣም። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት፣ መድከሙን ያሳያል። 13ቢ የሚባለው ይህ ሞተር 1308 ሲሲ ሲሆን ፒስተንም ቫልቭም የለውም። ሁለት ባለሦስት ማዕዘን ሮተሮች በሀውዚንጉ (በሞተሩ ቤት) ውስጥ ይዞራሉ፤ በእያንዳንዱ ማዕዘን ጫፍ የሚቀመጠው አፔክስ ሲል ደግሞ በፒስተን ሞተር ፋሻ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። እነዚህ ስድስት ሲሎች ካለቁ መሪው፣ ሾክ አብዞርበሩ፣ ጎማው ሁሉ ቢቀየር ለድሪፍት የሚሆን መኪና አይኖርም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ ሞተሩ ወርዶ እንዲታደስ ወሰንኩ፤ አዲሱን የሲል ስብስብም ከውጭ ይዤ መጥቼ በማሸጊያው እንዳለ ለጋራዡ አስረከብኩ።

ባለቤቱ «ወንድሜ፣ በ12 ቀን ነድተህ ትወስዳታለህ» ብሎኝ ግማሹን ሂሳብ ቀብድ ተቀበለኝ። በ12ኛው ቀን ስሄድ መኪናዋ እንደቆመች ነበር። ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ እየተመላለስኩ ዛሬ መብራት ጠፋ፣ ዛሬ ሠራተኛው ታመመ፣ ዛሬ ጓርኒሲዮን እየተፈለገ ነው ሲባል ሰማሁ። በምኖርበት አገርም ጋራዥ ይዘገያል፤ ነገር ግን ሥራው ምን ላይ እንደደረሰ ፎቶግራፍ ይላክልኝ ነበር፤ እዚህ ግን ሞተሩ ተበትኖ ልየው ባልኩ ቁጥር ክፍሉ ተቆልፏል እባላለሁ። በእርግጥ አገሬ ገብቼ እንደ እንግዳ በር ላይ መቆሜ ከመዘግየቱ የበለጠ ሳያናድደኝ አልቀረም።

በ31ኛው ቀን አልቋል ተባልኩ። ሞተሩ ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ሂሳቡ ከተስማማንበት በሲሶ በልጦ ነበር፤ ጭማሪው «ሮተር ማስተካከያ» በሚል ተጽፏል። ኮምፕሬሽኑን እንዲለኩልኝ ጠየቅሁ፤ ለፒስተን ሞተር የሚያገለግለውን መለኪያ አምጥተው የፊተኛው ሮተር 5.1፣ የኋለኛው 5.2 ኪሎ በስኩዌር ሴንቲሜትር መሆኑን አሳዩኝና «እኩል ናቸው፤ አዲስ ሲል ሲላመድ ይጨምራል» አሉ። አዲስ ሲል እስኪላመድ ንባቡ ዝቅ እንደሚል እውነት ነው፤ ለዚህም ነው መጀመሪያ ያመንኳቸው። ነገር ግን ያ መለኪያ ነፋሱን የሚይዝ ቫልቭ ስላለው የሚያሳየው ከሮተሩ ሦስት ፊቶች፣ ማለትም ጎኖች፣ የበረታውን ብቻ ነው። አንዱ ፊት የሞተ ሮተር ሁለት ደህና ፊት ካለው በዚህ መለኪያ ጤነኛ መስሎ ይታያል።

የተቀየሩትን አሮጌ ሲሎች ስጠይቅ ስድስት ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ማታ ከወንድሜ ጋር ጠረጴዛ ላይ ዘርግተናቸው ውፍረታቸውን በካሊፐር ለካሁ፤ ሦስት ሚሊሜትር ሆነ። በድጋሚ ለካሁ፤ ያው ሦስት ነው። ማዝዳ በ12ኤ እና በቀደምት 13ቢ ሞተሮቹ ባለ 3 ሚሊሜትር ሲል ይጠቀም ነበር፤ በሁለተኛው ትውልድ አርኤክስ-7 ግን ወደ 2 ሚሊሜትር ወርዷል። እኔ ያስረከብኳቸው አዳዲሶቹም ባለ 2 ነበሩ። የእኔ ሮተር ባለ 3 ሚሊሜትሩን ሊይዝ የሚችለው ጎድጓዱ በማሽን ከሰፋ ብቻ ነው፤ እንዲያ ከሆነ ደግሞ አዲሶቹ ባለ 2 ሲሎች አይሠሩም። በሁለቱም መንገድ ቢታሰብ በእጄ የያዝኳቸው ከእኔ ሞተር የወጡ አልነበሩም።

በማግስቱ ወንድሜ ሮታሪ የሚያውቁ አንድ አረጋዊ መካኒክ ዘንድ ወሰደኝ። ጋሼ ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፤ የመለኪያውን ቫልቭ አውጥተው፣ የነዳጁንና የካንዴላውን መስመር አቋርጠው፣ ሞተሪኖውን እያስዞሩ መርፌዋ በየፊቱ ስትዘል ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ቆጠሩ። ጤነኛ ሮተር «ፉፍ፣ ፉፍ፣ ፉፍ» ብሎ እኩል ይተነፍሳል። የእኔ የኋለኛው ሮተር ሁለት ጊዜ ተንፍሶ ሦስተኛው ላይ ይታፈን ነበር። ለየሮተሩ ሦስት፣ በጠቅላላው ስድስት ቁጥር ጻፉልኝ፦ ፊተኛው 5.1፣ 5.0፣ 4.9፤ ኋለኛው 5.2፣ 3.4፣ 5.0። የፋብሪካው ዝቅተኛ ልክ ሞተሩ በደቂቃ 250 ጊዜ ሲዞር 6 ሲሆን፣ በፊቶች መካከል ከ1.5 የበለጠ ልዩነት አይፈቀድም። ቦታው ከባሕር ወለል ከፍ ያለ ከሆነ ንባቡ ዝቅ እንደሚል አስረድተውኛል፤ ከፍታ ግን ሁሉንም ፊት አብሮ ይቀንሳል እንጂ አንዱን ለይቶ አይጎዳም። ሞተሩን ሲያወርዱት ሀውዚንጎቹን የሚያስሩት ረጃጅም ቡሎኖች ራስ ላይ የዓመታት ዝገት ተጋግሮ አገኘን። ቁልፍ አልነካቸውም። ለ31 ቀን የተከፈለበት ሞተር ከውጭ ከመታጠቡና ከመቀባቱ በቀር ምንም አልተደረገለትም።

የዛጉትን ቡሎኖች ፎቶግራፍና ስድስቱን ቁራጮች ይዤ ወደ ጋራዡ ተመለስኩ። ባለቤቱ ብዙ ሳይከራከር የሲሎቼን ሳጥን ማሸጊያው ሳይፈታ ከመደርደሪያ አውርዶ ሰጠኝ፤ ጭማሪውንም መለሰ። ቀብዱን ግን «ሞተር ማውረድ ራሱ ሥራ ነው» ብሎ አስቀረው። ለመክሰስ የቀረኝ ጊዜ ስላልነበረ ትቼው ወጣሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

በዚያው ጉዞ ያገኘሁትን መልካም ሥራም መናገር ይገባኛል። ዲፈረንሻሉን በብየዳ እንዲያስርልኝ አንድ ቶርኖ ቤት ወስጄ ነበር፤ በትንሽ ገንዘብ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አብሮ ለማዞር ብዙ ድሪፍተኛ የሚያደርገው ይህንን ነው። ባለሙያው ከፍቶ አየውና የእኔው ሁለቱን ጎማዎች በዲስኮች አያይዞ የሚያዞር፣ ክላች ዓይነት ሊሚትድ ስሊፕ ስለሆነ ብየዳ እንደማያስፈልገው፣ ዲስኮቹ ሳስተው ብቻ እንደላሉ ነገረኝ። ቀጫጭን ሺሞች ቆርጦ ጨመረበት፤ ከተገጠመ በኋላም አንዱን ጎማ በክሪክ አንሥቶ፣ ማርሹን ነፃ አድርጎ፣ ሌላውን ጎማ መሬት ላይ እንዳለ የተነሣው ጎማ በስንት ኃይል እንደሚላቀቅ በቶርክ ቁልፍ ለክቶ አሳየኝ። ያስከፈለኝ ለብየዳው ከጠየቀኝ ያነሰ ነበር። የኋላ ተንጠልጣይ ክፍል ውስጥ ያሉትን ጎማ ቡሾችም በጠጣር ቡሽ ቀየረልኝ፤ በዚህ ሞዴል እነዚያ ቡሾች በጎን ጫና ጊዜ የኋላ ጎማውን አቅጣጫ በራሳቸው ስለሚለውጡ በድሪፍት ላይ መኪናዋ ሳይታሰብ ታፈነግጣለች። የመሪውን መታጠፊያ ለማስፋት ቀለበት ብቻ ጨመርን፤ ከዚያ በላይ ያለው ለሚቀጥለው ጊዜ ይቆያል።

ጋሼ ሞተሩን በስምንት ቀን መለሱልኝ፤ ሲበትኑትም ሲገጥሙትም አጠገባቸው እንድቆም ፈቀዱልኝ። ተረፈ ያልኩት ገንዘብ ለሰፊ ጎማ ሳይሆን ለራዲያተርና ለዘይት ማቀዝቀዣ እንዲውል የመከሩኝ እሳቸው ናቸው። በሁለቱ ጎን ያለው ብረት፣ መሐል ያለው ሀውዚንግ አሉሚኒየም ስለሆነ አንድ ጊዜ በኃይል የጋለ ሞተር የውሃ ሲሎቹን ያጣል፤ በድሪፍት ላይ ደግሞ ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር እየሠራ መኪናዋ ቀስ ብላ ስለምትሄድ በቂ ነፋስ አታገኝም። ሲሎቹን የሚያለሰልስ ዘይት ወደ ሞተሩ የሚልከው የዘይት መጣኝ ፓምፕ ቀጫጭን ፕላስቲክ ቱቦዎች በዕድሜ ደርቀው ስለተሰባበሩ ፓምፑን አንሥተን ለ50 ሊትር ቤንዚን ግማሽ ሊትር ቱ ስትሮክ ዘይት መቀላቀል ጀመርን።

በዚህ ምክንያት እኔ በሜዳ ላይ አንድም ቀን አልነዳኋትም፤ አዲስ ሲል እስኪላመድ በለዘብታ መነዳት ነበረባት። ያንን ወንድሜ አደረገልኝ። ትናንት ማታ ጋሼ ዘንድ አስለክቶ ቁጥሮቹን ላከልኝ፦ 6.9፣ 6.8፣ 7.0፤ 6.8፣ 6.9፣ 6.7። ከመልእክቱ ጋር ሞቆ ከጠፋ በኋላ ሞተሩ በአንድ ዙር ሲነሣ የሚሰማበትን ድምፅ አያይዞልኛል።