ቸርች በሌለበት አገር የመጽሐፍ ቅዱስ አፕ (ዩቨርዥን)፣ የ2 ዓመት ልምዴ

ሪያድ ከመጣሁ 2 ዓመት ከ4 ወር ሆነኝ። እዚህ አገር ቸርች የሚባል ህንፃ የለም አይፈቀድም፣ እኔ ደግሞ ሰው ቤት ነው የምሰራው የእረፍት ቀን እንኳን የለኝም፣ ስለዚህ እሁድ አምልኮ መሄድ የሚባል ነገር ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ ቀረ። ያን ሁሉ ጊዜ ያቆመኝ እግዚአብሔር ነው፣ በእጄ የነበረው ነገር ደግሞ ስልኬ ላይ ያለው ዩቨርዥን ነው። ለመምጣት የተዘጋጁ እህቶች ምን ይዤ ልምጣ እያሉ በኢሞ ስለሚጠይቁኝ ነው ዛሬ የምፅፈው።

አፑ ነፃ ነው፣ በ2008 በፈረንጆች አሜሪካ ኦክላሆማ ያለ ላይፍ ቸርች የሚባል ቤተክርስቲያን ነው ያወጣው፣ ማስታወቂያ የለውም። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ከሱ በፊት ሌላ የአማርኛ አፕ ጭኜ ነበር፣ መዝሙረ ዳዊት እያነበብኩ መሀል ላይ የማስታወቂያ ቪዲዮ ድምፁ እየጮኸ ይመጣል፣ ማታ ልጆቹ በተኙበት ቤት ልቤ ቀጥ ይል ነበር። እዚህኛው ላይ የ1954ቱም አዲሱ መደበኛ ትርጉምም አለ። ጥቅሱን ነካ አድርጋችሁ ሁለቱን ማወዳደር ይቻላል፣ እኔ ያደግኩት በ54ቱ ስለሆነ ጆሮዬ እሱን ነው የሚወደው፣ የቃሉ ትርጉም ሲጠፋኝ ግን አዲሱን አያለሁ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ሀዋሳ እያለሁ 9 ዓመት ኳየር አገልግያለሁ፣ ቃሉን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር የማስበው፣ ግን የማውቀው ሰባኪው የሚያወጣልንን ጥቅስ እና የምንዘምረውን ነበር እንጂ አንድ መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ አንብቤ አላውቅም። እዚህ ሰባኪ ሲጠፋ ግድ ሆነብኝ። አንድ ሌሊት እቃ አጥቤ ጨርሼ ኩሽና ውስጥ ፊልጵስዩስን አነበብኩ፣ 4 ምዕራፍ ብቻ ነው፣ እና ያ ሁሌ ደስ ይበላችሁ እያልን የምንዘምረው ነገር በሰንሰለት የታሰረ ሰው የፃፈው መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ። ስንት ጊዜ ዘመርኩት እኮ! ከቤት መውጣት የማልችል ሰው ሆኜ ሳነበው ጳውሎስ ለኔ የፃፈልኝ መሰለኝ፣ አለቀስኩ። ከዛ ወዲህ የማነበው መጽሐፍ በመጽሐፍ ነው፣ የቀኑ ጥቅስ የሚለውን ብቻ አይቶ መዝጋት ግን አያሳድግም፣ እኔ በመጀመሪያዎቹ ወራት አፑን በተከታታይ የከፈትኩበትን ቀን የሚቆጥረው ቆጣሪ እንዳይቋረጥ ብቻ እየከፈትኩ ምንም ሳይገባኝ ያለፈብኝ ጊዜ ብዙ ነው።

ደግሞ ብቻን ማንበብ የሚያስቸግርበት ቦታ አለ። ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለው የኛው አገር ጃንደረባ እንኳን ሰረገላው ላይ ኢሳይያስን እያነበበ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይገባኛል ነው ያለው፣ ፊልጶስ ወጥቶ አጠገቡ እስኪቀመጥ ድረስ። እኔም ሮሜ 9 ላይ ስደርስ ጨለመብኝ፣ አገር ቤት ላሉ ሽማግሌያችን ደወልኩላቸው፣ ጋሼ ይሄን ያስረዱኝ አልኳቸው፣ በድምፅ መልእክት ከፋፍለው እያስረዱ ሳምንቱን ሙሉ ላኩልኝ። አፑ ላይ ንባብ ከሰው ጋር አብሮ መጀመር ስለሚቻል ታናሽ እህቴ ከሀዋሳ፣ አንዷ ጓደኛዬ ከቤሩት አብረን እናነባለን፣ በየቀኑ መጨረሻ የገባንን እንፅፋለን። ያለነሱ ይሄ አፕ ለኔ ጥቅሙ ግማሽ ነበር።

የሚጎድለው፣ በአማርኛ ያሉት የንባብ ፕላኖች (በየቀኑ የሚነበበውን ከፋፍለው የሚያወጡት) ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያዩ በጣም ጥቂት ናቸው። ሌላው፣ ጎረቤት ቤት የምትሰራ ኦርቶዶክስ እህት አለች ልብስ ልናሰጣ ሰገነት ላይ ስንገናኝ ነው የምናወራው፣ ከፍቼ ሳሳያት መጀመሪያ የጠየቀችኝ መጽሐፈ ሄኖክ የታለ ብላ ነው። እኔ የከፈትኩላት አዲሱ መደበኛ ትርጉም 66 መጻሕፍት ነው የያዘው የነሱ ደግሞ 81 ነው፣ ስለዚህ ኦርቶዶክስ የሆናችሁ ይሄን እወቁት። ቅዳሴውና ቁርባኑስ በስልክ ይሆናል ወይ ስትለኝ መልስ አልነበረኝም፣ እኔም የጌታን እራት ከወሰድኩ ይኸው ከ2 ዓመት በላይ ሆነኝ፣ አብሮ ቆሞ መዘመርም በጣም ይናፍቀኛል፣ ይሄን የሚተካ አፕ የለም። ዕብራውያን 10 መሰብሰባችንን አንተው ይላል፣ እኔ ትቼው ሳይሆን በሩ ተዘግቶብኝ ነው፣ ኮንትራቴ ሲያልቅ መጀመሪያ የምሄደው እዛው ነው።

ለምትመጡ፣ አገር ቤት ዋይፋይ ባለበት ጫኑት፣ የማውረጃ ምልክት ያለውን ትርጉም አውርዱና ዳታ አጥፍታችሁ ሞክሩት፣ ከመጣችሁ በኋላ ኔት መቼ እንደምታገኙ አይታወቅም። ድምፁን ለመስማት ኢርፎን ያዙ። የምትጠይቁትን አንድ ሰው ስልክ ቁጥር ደግሞ ወረቀት ላይ ፅፋችሁ ያዙ፣ ስልክ ሊወሰድባችሁ ይችላል።