ከዚራ የወይን ቅምሻ፦ ፍየሉ አንደኛ፣ ቀዩ ወይን ግን ትኩስ ነው የመጣው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ትልልቅ ዛፍ ያለበት ግቢ ውስጥ ያለው ሬስቶራንት ቅዳሜ ማታ የወይን ቅምሻ ጀምሯል፣ ሄደን አየነው። ወይን እርሻ ላይ የሰራ አስጎብኚ አለ፣ ጠርሙስ በከፈተ ቁጥር ከየት እንደመጣ እንዴት እንደተሰራ ያወራል፣ በመሀል ምግብ ይመጣል። ድሬ ቁጭ ብለህ ዝዋይን ትጎበኛለህ በቃ።

አስጎብኚው ልጅ ጎበዝ ነው አቦ። እንደ ድሬ ልጅ ሽማግሌውንም ጎረምሳውንም አንተ እያለ ነው የሚያስረዳው፣ ሌላ ከተማ ቢሆን ይቆጡት ነበር። የሪፍት ቫሊ ወይን የሚወጣው የፈረንሳዩ ኩባንያ ካስቴል ዝዋይ (ባቱ) ላይ ከተከለው እርሻ ነው፣ 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014። እኛ ጋ እንደ ፈረንሳይ ብርድ ስለሌለ ተክሉ አይተኛም፣ መቼ እንደሚያፈራ ገበሬው ቅርንጫፉን በመቀስ ሲቆርጥ ነው የሚወስነው አለ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ጉማሬ ከሐይቁ እየወጣ እንዳይገባ እርሻው ዙሪያ ቦይ ተቆፍሯል ሲል ሰው ሁሉ ቀልድ መስሎት ሳቀ፣ ግን እውነት ነው። ቀዩ ቀይ የሚሆነው ከነልጣጩ ስለሚብላላ ነው፣ ምላስ የሚይዘው ነገርም (ታኒን ይሉታል) ከልጣጩና ከውስጡ ዘር ነው የሚመጣው፣ ስኳር የሌለው ወፍራም ሻይ ስትጠጡ እንደሚሰማችሁ ማለት ነው።

ነጩ ወይን ሻርዶኔ ቀዝቅዞ ከምስር ሳምቡሳ ጋር መጣ፣ ቃሪያው ሲያቃጥል አንድ ጉንጭ፣ ደስ ይላል። ከዛ የፍየል አሮስቶ (ጥብስ) በሩዝ፣ ቢስባሱ (የሚያቃጥለው ማባያ) ለብቻው በትንሽ ሰሃን፣ ሲራ ከሚባለው ቀይ ወይን ጋር። ፍየሉ ከአጥንቱ ራሱ ነው የሚለቀው፣ ቆዳው ጋ ያለው ስብ ጥብስ ብሎ፣ ለሱ ብቻ ተመልሼ እሄዳለሁ።

ግን ሲራው ትኩስ ነበር! ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል የሚባለው እኮ የፈረንጅ ክፍል ነው፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ፣ በግንቦት የድሬ ሳሎን 30 ዲግሪ ሆኖ እንዴት ነው የሚሆነው፣ አልኮሉ ብቻ ነው አፍንጫ ላይ የሚወጣው። በረዶ ባልዲ አምጡልን ስንል አስተናጋጇ ቀይ እኮ ነው አለችን። አስጎብኚው ራሱ ሄዶ አመጣልን፣ ትንሽ ቆይቶ ስንቀምሰው ሌላ ወይን ሆነ፣ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ የሚል ሽታ ወጣለት። ከመጀመሪያው ለምን አታቀዘቅዙትም?

ሌላው፣ ሲጀምሩ መካከለኛ ጣፋጩን አካሽያ የሚባል ወይን ነው የሚያቀርቡት፣ ምናልባት ሰው እንዳይደነግጥ ብለው ይሆናል፣ ግን ከሱ በኋላ ደረቁ (ጣፋጭ ያልሆነው) ወይን ሁሉ ኮምጣጤ ነው የሚመስለው። ጣፋጩን ወይን መጨረሻ ላይ ሙሸበክ ከሚባለው ጣፋጭ ምግብ ጋር ቢያወጡት ያምር ነበር፣ ሙሸበኩ መጥቶ የሚጠጣ የለም። ቀምሶ መትፊያ ኩባያ ደግሞ ለየሰዉ አስቀምጠዋል፣ አንድም የተፋ አላየሁም፣ የተከፈለበት ነገር ማን ይተፋል።

ያናደደኝ ግን ሂሳቡ ነው። አብራን የነበረች ጓደኛችን አትጠጣም፣ አምቦ ውሃ ብቻ ነው የጠጣችው፣ እኩል አስከፈሏት፣ ቫትና ሰርቪስ ደግሞ ላዩ ላይ። ለማይጠጣ ሰው የምግብ ብቻ ዋጋ ቢያወጡ ምን ችግር አለው፣ ድሬ እኮ ነው ያላችሁት፣ ከጠረጴዛው ግማሹ አይጠጣም።

ለመሄድ ካሰባችሁ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ፋኑ ስር ያለውን ጠረጴዛ ጠይቁ፣ ከማብሰያው ጎን ያለው ላይ ከተቀመጣችሁ ጭሱ ወይኑን አያስሸታችሁም። በጾም አትሂዱ፣ ከሳምቡሳው ሌላ የጾም የሚባል ነገር የለም። ቀዩን ደግሞ ገና ስትቀመጡ በረዶ ውስጥ አስገቡልን በሏቸው።