ሃይብሪድ ልግዛ ወይስ ሁለት ሰው ልጫን?

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። የሚኖረው ዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ ነው። የሚሠራው ደግሞ ፔንታገን አጠገብ።

«የ2010 ፕሪየስ አግኝቻለሁ» አለኝ። ቶዮታ የሚሠራው፣ በቤንዚንም በባትሪም የሚሄድ ሃይብሪድ መኪና ነው። «ሻጩ ‹ሃይብሪድ ስለሆነ ብቻህን ብትሆንም ሰው ለጫነ የተለየው ኤችኦቪ መስመር ያስገባሃል› ብሎ 1,500 ዶላር ጨምሮበታል። ምን ትላለህ?»

«ለዛ ብለህ አምስት ሳንቲም እንዳትጨምር» አልኩት።

ሻጩ ከሜዳ ተነስቶ አልዋሸም። የሚያወራው ነገር አንድ ሰሞን እውነት ነበር፤ ጊዜው አልፎበት ነው እንጂ። ወሬው ግን ዛሬም ከሰው ሰው ይዞራል። እናም መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ጎን ለጎን አድርገን እንየው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቨርጂኒያ፦ ታርጋው የሞተበት ቀን

ኤችኦቪ ሰው ይዞ ለሚሄድ መኪና የተለየ መስመር ነው። ቨርጂኒያ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ሃይብሪድ የገዛ ሰው ልዩ ታርጋ አውጥቶ ብቻውን እንዲገባበት ፈቅዳ ነበር። ሰው ፕሪየስ ላይ ተረባረበ። መስመሩም ሞላ። ከዚያ በሩን ቀስ በቀስ መዝጋት ጀመሩ። ወደ ዋሽንግተን በሚወስዱት በ95 እና በ395 ጎዳና፣ ታርጋው ከጁላይ 1 ቀን 2006 በፊት ካልወጣ አይገባም ተባለ። በ66 ደግሞ ገደቡ ጁላይ 1 ቀን 2011 ሆነ። ሁለት አንድ ዓይነት ፕሪየሶች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ይገባል፣ አንዱ ውጭ ይቀራል። ልዩነታቸው ታርጋው የወጣበት ቀን ብቻ!

ቀጥሎ መስመሮቹ የሚከፈልባቸው ኤክስፕረስ ሌኖች ሆኑ፤ የድሮው ታርጋም አብሮ ሞተ። 95 ላይ በ2014 ማብቂያ፣ ዋሽንግተንን ከሚዞረው ከ495 (ቤልትዌይ) ወደ ውስጥ ባለው የ66 ክፍል ዲሴምበር 4 ቀን 2017፣ 395 ላይ ኖቬምበር 2019። የ66 ቶል በተጀመረበት ጠዋት ብቻውን የሚነዳ ሰው እስከ 34 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተጠይቋል። አሥር ማይል ገደማ ለሆነች መንገድ! ያኔ በ66 ሁለት ሰው ሆኖ በነጻ ማለፍ ይቻል ነበር። ከዲሴምበር 2022 ጀምሮ ሦስት ሆኗል። 495ም፣ 95ም፣ 395ም ሦስት ነው የሚሉት። ሾፌሩ ይቆጠራል። ኋላ የታሰረው ሕፃንም ይቆጠራል። የመኪናው ሞተር አይቆጠርም።

ኡበርና ታክሲ ለምትነዱ ይኼ ማለት፣ ሁለት ተሳፋሪ ከያዛችሁ በነጻ ታልፋላችሁ፤ ባዶ ስትመለሱ ትከፍላላችሁ። ፕሪየስም ብትሆኑ፣ ቴስላም ብትሆኑ።

ሜሪላንድና ካሊፎርኒያ

ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ጉዳዩ ለየት ይላል። 270 ጎዳና ላይ ሁለት ሰው ይበቃል፤ የሚሠራውም በሥራ ቀን ጠዋት ወደ ደቡብ፣ ከሰዓት ወደ ሰሜን ነው። ለብቻ መግቢያ ፈቃድ ይሰጥ የነበረው ግን ቻርጅ ለሚሰካ መኪና ነበር፣ ማለትም ለሙሉ ኤሌክትሪክና ለፕለግ-ኢን ሃይብሪድ። ተራው ሃይብሪድ እዚህ ውስጥ የለም። ያም ፈቃድ ቢሆን ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 አብቅቷል።

የካሊፎርኒያው ታሪክ ደግሞ ሎተሪ ይመስላል። በ2005 በጋሎን 45 ማይልና ከዚያ በላይ ለሚሄዱ ሃይብሪዶች ቢጫ ስቲከር መስጠት ጀመሩ። 85,000 ሲሞላ በቃ አሉ። ከዚያ በኋላ ስቲከር ያለው አሮጌ ፕሪየስ፣ ከሌለው በብዙ ብር ይበልጥ ጀመር። ጁላይ 1 ቀን 2011 ቢጫው ተሰረዘ። ያን ሁሉ የከፈለ ሰው እጁ ላይ የቀረው ወረቀት ነው። ለፕለግ-ኢኑና ለኤሌክትሪኩ ግን በየጊዜው ቀለሙ የሚቀያየር ስቲከር ሲሰጥ ቆይቶ፣ እሱም እዚያው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ላይ ቆመ። አሁን እዚያ ብቻውን ገብቶ የተያዘ ሰው ትንሹ ቅጣት 490 ዶላር ነው።

ሁለቱም በአንድ ቀን የቆሙት በአጋጣሚ አይደለም። ስቴቶቹ ይኼን የሚፈቅዱት በፌዴራል ሕግ ነበር፤ የሕጉ ቀን እዚያ ላይ አለቀ። አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ለገዛ ይሰጥ የነበረው የ7,500 ዶላር፣ ያገለገለ ለገዛ ደግሞ የ4,000 ዶላር የታክስ ቅናሽም በዚያው ቀን ቆሟል። በአንድ ቀን ሁለት ሐዘን።

እውነቱን ለመናገር መቆሙ አይገርመኝም። ካምሪ ከ2025 ሞዴል ጀምሮ ሃይብሪድ ብቻ ሆኗል። ራቭ4ም ከ2026 ወዲህ ያለ ሃይብሪድ አይመጣም። አገር ምድሩ ሃይብሪድ ከነዳ፣ ለሃይብሪድ የተከፈተ መስመር ከሌላው በምን ይለያል?

ታዲያ የቱን?

መስመሩን እርሱትና ነዳጁን እንቁጠር። የ2024 የቤንዚን ካምሪ ከተማ ውስጥ በጋሎን 28፣ ሃይዌይ ላይ 39 ማይል ይሄዳል፤ አማካዩ 32 ነው። የ2025ቱ ሃይብሪድ ከተማ 53፣ ሃይዌይ 50፣ አማካይ 51። በዓመት 15,000 ማይል ለሚነዳ ሰው 175 ጋሎን ገደማ ይተርፈዋል። ጋሎኑን በ3 ዶላር ብናስበው 525 ዶላር ነው።

ቁጥሮቹን ደግማችሁ እዩዋቸው። ሰፊው ልዩነት ያለው ከተማ ውስጥ ነው። ሃይብሪድ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ሲቆም ሞተሩን ያጠፋል። ስለዚህ ጎልቶ የሚታየው ትራፊክ መሃል ተቸክሎ ነው። በባዶ ኤክስፕረስ ሌን ሲከንፍ ብልጫው ይቀንሳል። ያ ሁሉ ሰው በሃይብሪዱ ከትራፊክ ለማምለጥ ነበር የሚሻማው!

ፕለግ-ኢንን በተመለከተ ጥያቄው አንድ ነው፤ ማታ የት ትሰኩታላችሁ? የራሱ ጋራዥ ላለው ሰው የፕሪየስ ፕለግ-ኢን በአንድ ቻርጅ እስከ 44 ማይል ያለ ቤንዚን ይሄዳል። ከዉድብሪጅ ፔንታገን ደርሶ መልስ ማለት ይቻላል። አፓርታማ ስድስተኛ ፎቅ ለሚኖር ግን ከበድ ያለ፣ ዋጋውም የጨመረ ሃይብሪድ ነው። ሜሪላንድ ደግሞ ታርጋ ሲታደስ ለፕለግ-ኢን በዓመት 100፣ ለሙሉ ኤሌክትሪክ 125 ዶላር ታስከፍላለች። ቨርጂኒያም በጋሎን 25 ማይልና ከዚያ በላይ ከሚሄዱ መኪኖች የመንገድ ክፍያ ትቀበላለች። ነዳጅ ቆጥበህ ታክሱን አታመልጥም ነው ነገሩ።

ያገለገለ ከሆነ ባትሪውን ጠይቁ። ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ወዲህ የሃይብሪድ ባትሪውን ለ10 ዓመት ወይም ለ150,000 ማይል፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚደርሰው ድረስ፣ ዋስትና ይሰጣል። የ2010ሩ ፕሪየስ ዋስትናው ካለቀ ቆይቷል። የወዳጄ 1,500 ዶላር መዋል ያለበት እዚያ ነበር።

መስመሩን ለሚፈልግ ግን፣ «መጀመሪያ መቀመጫዬን» እንዳለችው ዝንጀሮ፣ ከሞተሩ በፊት መቀመጫው ይታሰብ። አሮጌ የቤንዚን ኮሮላ ሦስት ሰው ይዞ፣ ኢ-ዚፓስ ፍሌክሱን (መኪናው ውስጥ የሚቀመጠውን የቶል መክፈያ መሣሪያ) ኤችኦቪ ላይ አድርጎ በነጻ ያልፋል። አዲሱ ኤሌክትሪክ ብቻውን ይከፍላል።

ሰው ከየት ይመጣል? ቨርጂኒያ የቆየ መላ አላት። ስለጊንግ ይሉታል። ጠዋት ዉድብሪጅ ሆርነር ሮድ የመኪና ማቆሚያ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ፔንታገን፣ ሁለት!» ይላል። ከሰልፉ ፊት ያሉት ሁለቱ ይገባሉ። ሂሳብ የለም፤ እነሱ በነጻ ይደርሳሉ፣ እሱ በነጻ መስመሩን ያገኛል። የኛን አገር «አንድ ሰው የቀረው!» የሚያስታውስ ነው፤ እዚህ ወያላው ሾፌሩ ራሱ መሆኑ ብቻ ነው። አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ሾፌሩ ካልጀመረ ተሳፋሪ ወሬ አያነሳም። ወዳጄ ይኼኛዋን ሲሰማ «ይኼማ ለቅሶ ቤት ነው» ብሎ ስቆ ነበር።

ፕሪየሱን ተወው። የ2021 ኮሮላ ሃይብሪድ ገዛ፣ ለነዳጁ ብሎ። ትናንት ጠዋት ስደውልለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነሳው። «ሁለት ሰው ይዣለሁ፣ በኋላ» ብሎ ዘጋብኝ።